በጥርሴ የፈተንኩት ጣሪያ

ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ካለኝ ወዲህ የመኪና ጣሪያ የማየው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከታች ነው። ቤቴ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ የሠራሁበት ጋራዥ ጎረቤት ነው። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጥግ ካለችው ድንጋይ ላይ እቀመጥና ልጆቹ ሲሠሩ አያለሁ። አሁን አሁን የሚመጡት መኪኖች ጣሪያቸው ቆርቆሮ ወይም ፋይበር ነው፤ ጎማ የለበሰ ጣሪያ እየጠፋ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ይመጣና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አብጧል፤ ምን እናድርገው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ስነግራቸው እርስ በርስ እየተያዩ ፈገግ ይላሉ። ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። ጋራዡ ውስጥ ስሜ «ቀማሹ» ነው። የቡና ቀማሽ ሆኜ አይደለም፤ ጣሪያ ቀምሼ ነው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌን አንባቢ ይታገሰኝ። የምጽፈው ነገሩ ከእኔ አፍ ይውጣ ብዬ ነው። ሰው ሲቀባበለው ቀልዱ ብቻ እየቀረ፣ ጌራ ውስጥ፣ ጭራ ከተማ ላይ በዝናብ የቆሙት ሰዎች ከወሬው እየወጡ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሊሙ፣ አንድ የቡና መፈልፈያ ውስጥ ነው። የማሽን ቺንጋ እጠግን ነበር። ቺንጋው ከተበጠሰ ቀዩ ቡና ገንዳ ውስጥ ያድራል፤ ካደረ ይሸታል። አለቃዬን ሁላችንም ሳጅን እንለው ነበር፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ነገር ግን ሥራ ሁሉ በጩኸት የሚጠናቀቅ ይመስለው ነበር። ከሱ የተማርኩት ቶሎ መጨረስን ነው። ቺንጋዋን ቀጥዬ ማሽኑ ሲነሳ «ጎበዝ!» ይለኛል፤ ያቺን ቃል ለመስማት የማልሆነው አልነበረም። ከዚያ አጋሮ ጎሚስታ ሆንኩ። በቡና ወቅት አይሱዙዎቹ ጎማቸው እየፈነዳ ሲመጡ፣ ሾፌሮቹ አናቴ ላይ ቆመው ሲያጣድፉኝ፣ እዚያም የተወደድኩት በፍጥነቴ ነው። ደሞዙ ለኪራይና ለምሳ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ብዙ የሚባል የለም።

ጅማ የገባሁት «አንድ ጋራዥ ጎማ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል» ሲባል ነው። እዚያ አባ ተማምን አገኘሁ። የጅሬን ሰው ናቸው። አባታቸው ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ እሳቸውም ከቆዳ ተነስተው ወደ ሸራ፣ ከሸራ ወደ ጎማ የመጡ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አለቃዬ ነበሩ ማለት ይከብደኛል፤ አዘውኝ አያውቁም። «ታደሰ፣ እስቲ ና እንይ» ነው የሚሉት።

ጣሪያ ላይ በጫማ አይወጡም። ጫማቸውን መሰላሉ ሥር አስቀምጠው፣ ቢስሚላህ ብለው በካልሲ ይወጣሉ። ወጥተው ወዲያው ምንም አይነኩም። ይቀመጣሉ። ያበጠውን ትተው ዙሪያውን ያያሉ። መጀመሪያ አብሬያቸው የወጣሁ ቀን እኔ በቀጥታ ወደ እብጠቱ ሄጄ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። «እሱን ተወው፣ የትም አይሄድብህም» አሉኝ። «ውሃው የገባበትን ፈልግ።»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እነዚህ ውስጣቸው ቤት የሆነ መኪኖች ጣሪያቸው ላይ ኮምፔርሳቶ ይነጠፋል፤ በኮምፔርሳቶው ላይ ስስ የጎማ ምንጣፍ በማስቲሽ ይለጠፋል። አበጠ የሚባለው ጎማው ከእንጨቱ ለቆ ሆዱን ሲነፋ ነው። አንዱ ምክንያት የለጣፊው ችኮላ ነው። ማስቲሹ ሳይተን ከተጫነ፣ ውስጥ የታፈነው ጋዝ ፀሐይ ሲመታው ጎማውን ያነሳዋል። ይሄኛው ትንሽና ደረቅ ነው፤ ጠርዙ እስካልተከፈተ ድረስ ባይነኩትም ይኖራል። የሚያስፈራው የውሃው ነው። በአየር ማስወጫው ዙሪያ ወይም በአንዲት ብሎን ቀዳዳ ይገባል፣ እንጨቱን ይዞ ይሄዳል፣ ራቅ ካለ ቦታ ያብጣል። ሲረግጡት እንጨቱ ከእግር በታች እንደ እርጥብ ካርቶን ይረግባል። አባ ተማም ጉንጫቸውን ጎማው ላይ አስተኝተው በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል። ደረቁ ኳ ይላል፤ እርጥቡ ድምፁን ይውጠዋል።

ማስቲሽ ከቀቡ በኋላ የሚያስነኩት የጣታቸውን ጀርባ ነው። ጣታቸው ላይ ከተጣበቀ «ኦብሲ» ይላሉ፤ ታገስ ማለት ነው። ለእኔ ይሁን ለማስቲሹ ለይቼ አላውቅም። መዳመጫቸውን ከአሮጌ ኩሽኔታ ራሳቸው ነው የሠሩት፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ አየሩን እየነዱ፣ ሊጥ የሚያለሰልሱ ይመስል ያንከባልሉታል። አብሬያቸው ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ከሳቸው ያልተማርኩት ነገር ቢኖር መቀመጡን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የዓይን መኪናው መጣ። ከውጭ በእርዳታ የመጣ ትልቅ መኪና ነው። ውስጡ አልጋ አለው፣ መብራት አለው፣ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ የዓይን ማጉያ አለው። በየቡናው ከተማ እየዞረ የዓይን ሞራ ይገፈፍበታል። ኃላፊዋ ሲስተር ፎዚያ ትባላለች፤ የጅማ ልጅ፣ ፈጣን፣ ሳቋ የሚቀድማት።

ጣሪያው ብዙ ቦታ አብጧል። አባ ተማም እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ዙሪያውን አዩና፣ ከአየር ማስወጫው ጥግ አንድ ነገር በጥፍራቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የደረቀ የቡና ገለፈት ነው።

የመኪናው ዘበኛ አቶ በቀለ ከታች ቆመው ያዩናል።

«አቶ በቀለ፣ እዚህ ላይ ቡና ያሰጣው ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ። ምን አለበት? ጥቁር ነው፣ ይሞቃል፣ ዶሮ አይደርስበትም።»

«በምን ነበር የሚያገላብጡት?»

«በማገላበጫ እንጨት። በማንኪያ ላገላብጠው?»

ሲስተር ፎዚያ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። እኛም ሳቅን። በዚህ አገር ሰፊና ሙቅ ነገር ያገኘ ሰው ሁሉ ቡና ያሰጣበታል፤ በአቶ በቀለ የሚፈርድ የለም። ማገላበጫው ግን የማስወጫውን ማሸጊያ ፍቆት፣ ዝናቡ በዚያ ሲገባ ከርሟል።

ጎማውን ሰንጥቀን ገለጥን። የበሰበሰውን እንጨት ቆርጠን አወጣን። የቀረው ጎኑ ክፍት በሆነ ሸራ ሥር እንዲደርቅ ተተወ። ሲስተር ፎዚያ በየቀኑ ትመጣለች። «ጋሽ ታደሰ፣ ጭራ ላይ ሰው ተጠርቷል» ትለኛለች። «ከጌራ ጫካ ውስጥ በበቅሎ የሚመጡ አሉ። ዶክተሩን የምናገኘው እስከ መጪው ረቡዕ ብቻ ነው።» አባ ተማም «እንጨቱ ገና ነው ልጄ» ይሏታል። እሷ ደግሞ ወደ እኔ ታያለች።

አርብ ዕለት አባ ተማም ለጁምዓ ሄዱ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። የጋራዡ ባለቤት አቶ ጌቱ፣ ሲስተር ፎዚያና ሾፌሩ ከታች አንጋጠው ያዩኛል።

«ደርቋል ወይስ አልደረቀም?» አለ አቶ ጌቱ።

ጅማ ያደገ ሰው ቡና መድረቁን የሚያውቀው በጥርሱ ነው። ፍሬውን ሲነክሱት ቀጭ ካለ ደርቆ ጀንፈል ሆኗል፤ ከለሰለሰ ገና ነው። ገበሬውም ነጋዴውም የሚግባባው በዚህ ነው። መርካቶ ላይ ጥርሱን የታመመ ነጋዴ ሌላ ሰው ያስነክሳል። እኔም ከእንጨቱ ጠርዝ ስንጥር ላጥ አደረግሁና ሁሉም እያዩኝ ነከስኩት። ቀጭ አለ።

«ጀንፈል ሆኗል» አልኩ።

ከታች ሳቅ ሆነ። ሾፌሩ አጨበጨበ። አቶ ጌቱ «ጎበዝ» አለኝ። ማስቲሹን ቀባሁ፣ ጎማውን መለስኩ፣ ዳመጥኩ፣ የተሰነጠቀውን በልጣፍ ሸፈንኩ፣ ማስወጫውን አሸግሁ። እጄ ጥሩ ሠርቷል። ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም፤ ያን የመሰለ ሥራ እርጥብ እንጨት ላይ ማኖሬ ነው የሚያሳፍረኝ።

አባ ተማም ከመስጊድ ሲመለሱ መኪናው ሞተር አስነስቷል። ጫማቸውን አውልቀው ወጡ፣ ጉንጫቸውን አስተኙ፣ ወረዱ።

«ዘጋኸው?»

«ዘጋሁት። ደርቆ ነበር።»

«በምን አወቅህ?»

«በጥርሴ።»

አፌን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ኮምፔርሳቶ ንብርብር ነው» አሉ። «አንተ የነከስከው የላዩን ነው።» ከዚያ ወደ ሲስተር ፎዚያ ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄ ጣሪያ ውስጡ እርጥብ ነው።»

እሷ እኔን አየችኝ። «ጋሽ ታደሰ?»

«ችግር የለውም» አልኩ።

አባ ተማም ጫማቸውን አጠለቁ። «እንግዲያው አብረህ ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። በማግስቱ የጭራ ጤና ጣቢያ ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። ዓይናቸው የነጣ ሽማግሌዎች የልጆቻቸውን ትከሻ ይዘው ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው አንድ ቀይ ቆብ ያደረገ ሰው ነበር፤ የያዘው የሴት ልጁን ትከሻ ነው፤ ልጅቱ ስታወራ ጭንቅላቱን ወደ እሷ ዘንበል ያደርጋል። አዴ ሀሊማ የሚባሉ አሮጊትም ነበሩ፤ ልጃቸው ኑሪ በበቅሎ አምጥቷቸዋል። ሰልፉ ላይ አብረዋቸው ላሉት «ኮረሪማውን በእጄ ዳብሼ እለቅማለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። «እባብን ግን በእጅ መለየት አይቻልም።» ሰዉ ሳቀ።

ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጠነከረች። መሰላል ላይ ወጥቼ ሳይ ልጣፌ ከመሃሉ ቀስ እያለ ይነሳል። እርጥበቱ ሞቆ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። እጄን ጫንኩበት፤ በሌላ በኩል ተነሳ። ልናገር ወረድኩ። ውስጥ ዶክተሩ እየሠራ ነው፣ በሩ ዝግ ነው። ይጨርስና እናገራለሁ ብዬ ቆምኩ። ሲጨርስ ሌላ ሰው ገባ። አሁንም ቆምኩ። የጌራ ዝናብ ደግሞ ብዙ አያስጠብቅም፤ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሸራ ይዤ ስወጣ የልጣፉ ጠርዝ አፉን ከፍቷል።

ውስጥ መጀመሪያ ኮርኒሱ ረገበ፤ ቀጥሎ ማጉያው ላይ ጠብ ማለት ጀመረ፤ መብራቱ ጠፋ። ዶክተሩ በእጁ ላይ የነበረውን ሰው ጨርሶ ነበር፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግናለሁ። ቀጣይዋ አዴ ሀሊማ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ዓይናቸው ላይ ጠብ ተደርጎላቸው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተር ፎዚያ ወጥታ ጣሪያው ካልተሠራ ሕክምና እንደማይኖር ለሰዉ ተናገረች። ወደ እኔ አላየችም። ሾፌሩ ግን አየኝ። «ጋሽ ታደሰ» አለ፣ «ጣዕሙ እንዴት ነበር?»

ሰዉ በዝናቡ ውስጥ መበተን ጀመረ። ቀይ ቆብ ያደረገውም ሰው ልጁ እየመራችው ከግቢው ወጣ።

አዴ ሀሊማ አልተነሱም። «እዚህ የቆመው ማነው?» አሉ በኦሮምኛ።

«እኔ ነኝ። ጣሪያውን የሠራሁት።»

ኑሪ ቀና ብሎ ገላመጠኝ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «አበላሸው የሚሉት?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ታዲያ ለምን ትቆማለህ? ሥራው እንጂ።»

«ጊዜ ይወስዳል። ዶክተሩ ደግሞ የሚቆየው እስከ ረቡዕ ነው፤ ላይደርስ ይችላል። ቤትዎ ሄደው በሚቀጥለው ዙር ቢመጡ ይሻላል።»

«ቤቴ? ወንዙን ስንሻገር በቅሎዋ ወድቃ እኔንም ይዛኝ ልትሄድ ነበር። አንዴ ከተመለስኩ ዳግም አልመጣም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው፦ «ኑሪ፣ የበቅሎዋን ኮርቻ ፍታ። እዚሁ እንቆያለን።»

ስልኬን አውጥቼ መለስኩ፣ አውጥቼ መለስኩ። በመጨረሻ ደወልኩ።

«አባ...»

«አብጧል?»

«አብጧል። ውሃም አስገብቷል።»

«መጣሁ» አሉና ዘጉት።

እሑድ በሚኒባስ መጡ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ኮምፔርሳቶ ከላይ አስጭነው። መኪናውን አንድ ነጋዴ ባዶ የቡና መጋዘኑ ውስጥ አስገባልን። መሰላሉን ስዘረጋ ጫማቸውን ያወልቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላወለቁም። «ውጣ» አሉኝ፤ ራሳቸው አዴ ሀሊማ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ስለ ኮረሪማ፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ድሮ ጅሬን ያወራሉ። አንዳንዴ ይስቃሉ። በእኔ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን አቆማለሁ። በእኔ አልነበረም፤ እሱም ራሱ አሳፈረኝ።

ልጣፌን ራሴ ላጥኩት። ጎማውን በሰፊው ገለጥኩ። የረገበውን እንጨት ቆርጬ አዲሱን ተካሁ፤ ለሁሉም ግን አልበቃም፣ የቀረው መድረቅ ነበረበት። ሥሩ ከሰል አቀጣጠልን። አባ ተማም የሰጡኝ መፈተኛ ይሄ ነው፦ እንጨቱ ላይ ንጹሕ ላስቲክ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል።

ሰኞ ላስቲኩ አልቦታል። ማክሰኞ ጠዋትም አልቦታል። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ራሱ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ደረቀ?»

ላስቲኩን አየሁት። ጥግ ላይ ሰናፍጭ የምታክል ጠብታ አለች። ከታች ሲስተር ፎዚያ፣ ሾፌሩ፣ ኑሪ ቆመዋል። አዴ ሀሊማ ወሬያቸውን አቁመዋል። አባ ተማም መሬቱን ያያሉ።

«አልደረቀም» አልኩ።

«ነገ ከሰዓት በኋላ እኔ መሄድ አለብኝ።»

«አውቃለሁ ዶክተር። አልደረቀም።»

አዴ ሀሊማ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ጥርሱን ታመመ እንዴ?» አሉ። ወሬው እሳቸውም ጋ ደርሶ ኖሯል።

ረቡዕ ማለዳ ላስቲኩ ጥርት ብሎ ነበር። ከሰሉን ከመጋዘኑ አስወጣን፤ ማስቲሽና እሳት አንድ ጣሪያ ሥር አይውሉም። እንጨቱንም ጎማውንም ቀባሁና ተቀመጥኩ። አባ ተማም ከታች አንድም ጊዜ «ኦብሲ» አላሉኝም። የጣቴን ጀርባ አስነካሁ፤ ተጣበቀ። ቆየሁ። እንደገና አስነካሁ፤ አልተጣበቀም። ጎማውን ከመሃል ወደ ዳር መለስኩ፣ ኩሽኔታውን አንከባለልኩ። አዲሱን ልጣፍ ጥጎቹን አክብቤ ቆረጥኩት፤ ሹል ጥግ ቶሎ ይላጣል። የማስወጫውን ዙሪያ በጎማ ማሸጊያ ደፈንኩ፤ ሲሊኮን በቀላሉ ይገኛል፣ ጎማ ላይ ግን አይዝም። በመጨረሻ ባልዲ ውሃ አፈሰስንበት። ኑሪ ውስጥ ገብቶ ኮርኒሱን በመዳፉ ዳበሰ። «ደረቅ ነው» አለ።

ዶክተሩ ከመሄዱ በፊት አዴ ሀሊማንና ከሰልፉ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ሠራላቸው። ጥቂት ናቸው። ከሄዱት ውስጥ አንዳንዶቹ በሚቀጥለው ዙር መጡ፤ አንዳንዶቹ አልመጡም። ቀይ ቆብ ያደረገው ሰው አልመጣም። ከዚያ በኋላ ከመኪናው ጋር ጭራ በሄድኩ ቁጥር ጠይቄያለሁ፤ ስሙን ስለማላውቅ ቆቡንና ልጁን ነበር የምናገረው። የሚያውቀው አላገኘሁም። አባ ተማምም በሚቀጥለው ዓመት አረፉ። ስለዚያ አርብ አንድም ቀን አላነሱብኝም። የኩሽኔታ መዳመጫውን ልጃቸው ተማም አምጥቶ ሰጠኝ፤ «አባቴ ለጋሽ ታደሰ ስጡት ብሏል» አለኝ። ተቀብዬ በመዳፌ ላይ አንከባለልኩት።

የአዴ ሀሊማ ፋሻ የተፈታው በዚያው ረቡዕ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሲስተር ፎዚያ በሩ ጥላ ላይ አስቀምጣቸው ፋሻውን ቀስ አድርጋ አነሳች። እኔ ከበቅሎዋ ወዲያ ማዶ ቆሜ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ እንባ ወረዳቸው፤ እሱን በነጠላቸው ጠረጉ። መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው። «ከስተሃል» አሉት። ኑሪ ፊቱን አዞረ። ሲስተር ፎዚያን አዩ፣ አባ ተማምን አዩ፣ «ድምፅህ ከፊትህ በዕድሜ ያንሳል» ብለው አሳቋቸው።

«ጣሪያ ሠሪውስ የታል?»

ኑሪ ጠቆመኝ። በቅሎዋን ዞሬ መጣሁና ፊታቸው ቆምኩ፤ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ።

«ቀና በል እንጂ» አሉኝ። «መሬቱን አይቼዋለሁ። አሁን ማየት የምፈልገው አንተን ነው።»

ቀና አልኩ። ዓይናቸው ገና ቀይ ነው፣ ያነባል፣ ግን ያያል፤ ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ ሳይቸኩሉ አዩት። ቂም ፈለግሁበት፤ አላገኘሁም። ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ።